ከእንጦጦ ጠበል እስከ ሐኪሙ ወንበር

ማለዳ የእንጦጦን ዳገት የወጣ ሰው ሕሙማን ከነአስታማሚዎቻቸው ወደ ጠበሉ ሲያዘግሙ ያያል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ ሲደፉ አገሬው ለአእምሮ ሕመም የሚያውቀው ፈውስ ጠበልና ጸሎት፣ እንዲሁም የደብተራ መድኃኒት ነበር።

ኋላ ከተማው ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል ተከፈተ። ለአሥርት ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆየ። የአእምሮ ሐኪም ማሠልጠኛ ግን አልነበረም። በዚህ ሙያ መሠልጠን የፈለገ ወጣት ሐኪም ማመልከቻውን ወደ ባሕር ማዶ ይልካል፤ የድጋፍ ደብዳቤ ያሰባስባል፤ ወጪውን የሚሸፍንለት ይፈልጋል፤ ቪዛ ደጅ ይጠናል። ይህ ሁሉ ተሳክቶላቸው ከሄዱት መካከል በዚያው የቀሩት ጥቂት አይደሉም። ከዚህም የተነሣ እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ 70 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን እዚሁ ጀመረ። የቶሮንቶ መምህራን እየተመላለሱ፣ በየጉዟቸው አንድ ወር ያህል እየቆዩ ያስተምሩ ጀመር። ማመልከቻው ባሕር መሻገሩ ቀረ።

ትልቁ ቁም ነገር ግን የመንገዱ ማጠር አይመስለኝም። ባሕር ማዶ የሚማር ሠልጣኝ የሚያደምጠው የሌላ አገር ሕመምተኛ ነው። እዚህ የሚማረው ግን «ጭንቅ ጭንቅ ይለኛል»፣ «የለከፈኝ ነገር አለ» የሚለውን ከመጀመሪያው ቀን ይሰማል። ከእንጦጦ ጠበል የወረደው ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀመጥ ቃሉን የሚያስተረጉምለት አያሻውም።