የክራድሊ ሂዝ የስፒድዌይ ቡድን ትዝታ

ክራድሊ ሂዘንስ በእንግሊዝ አገር በሰንሰለት ሥራ በምትታወቀው የክራድሊ ሂዝ ከተማ የተመሠረተ የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም ቡድን ነው። ሜዳው ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የደድሊ ዉድ ስታዲየም ነበር። ስፒድዌይ በተሰኘው በዚህ ስፖርት አራት ተወዳዳሪዎች ፍሬን በሌላቸውና ባለ አንድ ማርሽ በሆኑ 500 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች ሞላላውን የአፈር ሜዳ አራት ጊዜ ይዞራሉ።

ቡድኑ በ1981 እና በ1983 የብሪታንያ ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል። አሜሪካዊው ብሩስ ፔንሆልና ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ዴንማርካዊው ኤሪክ ጉንደርሰን ማሊያውን ለብሰዋል። ስታዲየሙ በ1995 ተዘግቶ በቦታው መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ።

ውጤቱ በመዝገብ ተይዟል፤ የሚያሰጋው የተመልካቹ ትዝታ ነው፤ የ1947ን ውድድር በልጅነት ያዩት ዛሬ አዛውንት ናቸው። ትዝታውን ለሚቀርጽ ሰው ጥሩ መነሻ የሚሆነው ደጋፊው የየዙሩን ነጥብ በእጁ የሞላበት የድሮ የውድድር ወረቀት ነው። «ማን አሸነፈ?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ ወረቀቱ ላይ አለና። ከማን ጋር እንደ መጡና የት ይቆሙ እንደ ነበር ሲጠየቁ ግን ሰፈሩ ራሱ ይናገራል። ጉንደርሰን በ1989 ብራድፎርድ ላይ በደረሰበት ከባድ አደጋ ከውድድር ተሰናብቷል፤ ወሬው በየቤቱ እንዴት እንደ ደረሰ የሚያውቁት የሰሙት ብቻ ናቸው። የአካባቢው አነጋገር ከመደበኛው እንግሊዝኛ ስለሚለይ ከጽሑፉ ጋር ድምፁም ሊቀመጥ ይገባል።