ሐኪሙ ደጋ፣ ንዳዱ ቆላ፦ የአሊዩ አምባ ህመምተኞች ታሪክ

አሊዩ አምባ ስትነሳ ሁላችንም የምናወራው ስለ ገበያዋ ነው። ከታጁራ የተነሱ የአፋር ግመሎች ጨው ይዘው፣ የሐረር ነጋዴዎችም ሸቀጣቸውን ጭነው የሚያራግፉባት የይፋት በር ነበረች። ስለ ህመምተኞቿ ግን ማን ጻፈ?

የጻፉት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ እነሱም ይበልጡን ስለ ራሳቸው ህመም። እ.ኤ.አ. በ1842 ቻርልስ ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የአፋርን በረሃ አቋርጦ አሊዩ አምባ ደረሰ። ንዳድ ይዞት ከተማዋ ውስጥ ተኛ። በ1844 ባሳተመው ባለሁለት ቅጽ መጽሐፍ የራሱን ትኩሳት በዝርዝር እናገኛለን። በዚያው ንዳድ የወደቀውን ቆለኛ ግን እንዲህ በቀን በቀን የመዘገበለት የለም።

ከእሱ በፊት በ1841 የሃሪስ መልእክተኞች ሐኪም ይዘው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መጥተው ነበር። በ1870ዎቹ ደግሞ ጣልያኖች አንኮበር አጠገብ ሌት ማረፊያ ላይ ጣቢያ ተከሉ፤ ከአንቲኖሪ ሞት በኋላ ራጋዚና ትራቬርሲ የተባሉ ሐኪሞች መርተውታል። ልብ በሉ፤ ሐኪም ሁሉ የሚያርፈው ሥልጣን ካለበት ደጋ ነው። ወባው ግን ታች ነው። ያ አቀበት እንኳን ለታመመ ለጤነኛም ይከብዳል።

ኋላ ቤተ መንግሥቱ አዲስ አበባ ገባ። የጅቡቲው ባቡር የሲራራውን ንግድ ወሰደው፤ የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎችም ሐረርና አዲስ አበባ ላይ ተከፈቱ። አሊዩ አምባ ንግዱንም ሐኪሙንም አጣች።

ታዲያ ድሃው በምን ቆየ? በዘካ፣ በሰደቃ፣ በእድርና በቃሬዛ። ከስምንቱ የዘካ ባለመብቶች ቀድመው የተጠቀሱት ፉቀራእና መሳኪን ናቸው። መዝገብ ባይኖረውም ይህ የማኅበራዊ ዋስትና ሥርዓት ነበር ብለን እናምናለን፤ አጥኚዎች የሚያልፉትም መዝገብ ስለሌለው ነው። በ1967 የገጠር መሬትና ትርፍ ቤት ሲወረስ በየአገሩ የመስጂዶች ወቅፍ አብሮ ሄደ፤ ቋሚ ገቢ የነበረው የቸርነት ምንጭ ተነጠቀ።

በ1995 የጤና ኤክስቴንሽን፣ በ2003 ደግሞ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ሙከራ ተጀመረ። መድኅኑ መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት እንዲከፍል ያደርጋል፤ መልካም ነው። ግን ድሃ ተብሎ ለመመዝገብ መጀመሪያ መታየት ያስፈልጋል። አርጎባን ተመልከቱ፦ በ1987ቱ ቆጠራ ከ62 ሺህ ጥቂት በላይ፣ በ1999ኙ 140 ሺህ ያህል። በ12 ዓመት ይህን ያህል መዋለድ አይቻልም። ብዙው ሰው ቀድሞም እዚያው ነበር፤ በሌላ ስም ተቆጥሮ ነው እንጂ። የጤና አገልግሎት ለማን እንደደረሰ የሚያጠና ሰው ከክሊኒኩ መዝገብ በፊት ይህን ቁጥር ቢመረምር ደስ ይለናል።