ለልጃችን ኬጂ ስንመርጥ

ኬጂ ወይም አፀደ ሕፃናት በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ከ4 እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች ተቀምጦ የነበረ እርከን ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ኦ ክፍል ደግሞ ልጆችን ለ1ኛ ክፍል ያዘጋጃል።

ምዝገባ ሲቃረብ ወላጆች ስለ ክፍያው፣ ስለ ርቀቱና ስለ እንግሊዝኛው እንጠይቃለን። ሙስሊም ወላጅ ቁርኣን መኖሩንም ይጨምራል። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ግን መጸዳጃ ቤቱን ሳናይ አናስመዝግብ። ውሃ አለ? ትንንሾቹን የሚያጥብ ሰው አለ? ልጅ ጦሃራን የሚለምደው እዚያ ነው፤ በማስታወቂያ ላይ ግን አይጻፍም። ልጆች ምሳ ዕቃቸውን ስለሚካፈሉ፣ ሥጋ ያለበት ምግብ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ መጠየቅም አያሳፍርም።

ቁርኣን የሚያስቀራ ኬጂ ስናገኝ እስላማዊ ስሙ ብቻ አይብቃን። ዑስታዙ አሊፍ ባን ሲያስቀራ ቁጭ ብለን እንስማ። ሕፃናቱ አብረውት እየሳቁ ይደግማሉ ወይስ እጁን እያዩ ይሸማቀቃሉ? አለንጋ ካየን እንመለስ። ሶላት እንኳ ልጆች እንዲታዘዙበት በሐዲስ የተነገረው ከ7 ዓመታቸው ጀምሮ ነው።

ጠዋት ኬጂ፣ ከሰዓት መድረሳ የሚውል የ4 ዓመት ልጅስ መቼ ይጫወታል? ብዙዎቻችን ይህን የምናስበው ልጁ መድረሳ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው ነው። ሁለቱን በግማሽ ቀን አጣምሮ የሚሰጥ ካለ ይሻላል። ከሌለ መድረሳውን ቅዳሜና እሁድ ማድረግ ይቻላል፤ በቀሪዎቹ ቀናት አጫጭር ሱራዎችን እኛው ቤት እናስቀራው።