ጭድ ለጭቃ፣ ጥጥ ለትራባንት

በምሥራቅ ጀርመኗ የዝቪካው ከተማ በነበረው የመኪና ፋብሪካ የበሩና የኮፈኑ ሥራ የሚጀመረው ከጥጥ ነበር። ከሶቪየት ኅብረት የሚመጣው የጥጥ ውዳቂ በማሽን ይባዘታል፤ እንደ ስስ ፍራሽ ይነጠፋል፤ የሙጫ ዱቄት ይነሰነስበታል። ከዚያም ተደራርቦ የጋለ ፕሬስ ውስጥ ይገባል። ሙጫው በግለቱ ቀልጦ በክሮቹ መሀል ይሰርጋል፤ አንዴ ከጠነከረ ደግሞ ተመልሶ አይቀልጥም። ከፕሬሱ የሚወጣው ቀላል፣ ጠንካራ፣ ዝገት የማይነካው የመኪና አካል ነው። ቁሱን ዱሮፕላስት አሉት፤ መኪናው ትራባንት ነው።

መሐንዲሶቹን ወደዚህ ያመጣቸው ችግር ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ምሥራቅ ጀርመን ለመኪና አካል የሚሆን ላሜራ በበቂ አልነበራትም፤ ከምዕራቡ ዓለም እንዳታስገባም የንግድ እገዳ ከልክሏታል። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የትራባንት ታላቅ ወንድም ፒ 70 ላዩ ዱሮፕላስት ሲሆን አጽሙ እንጨት ነበር። ከ1957 ጀምሮ የተመረተው ትራባንት ግን የብረት አጽም ነበረው። ምርቱ እስከ 1991 ሲቀጥል ከሦስት ሚሊዮን በላይ መኪኖች ወጥተዋል። ብዙ ሰው በትራባንት ጭስና ድምፅ ሲስቅ ኖሯል፤ እኔ ግን የአካሉን አሠራር ካየሁ ወዲህ ለመሐንዲሶቹ ያለኝ አክብሮት ጨምሯል።

የዚህ ዓይነቱ ሙጫ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ነው። ቤልጅየም የተወለደው ኬሚስት ሊዮ ቤኬላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 በኒውዮርክ ግዛት ዮንከርስ ባኬላይት የተባለውን ሙጫ ፈጠረ። ሙጫው ብቻውን ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሆነ የእንጨት ዱቄት ይቀላቀልበት ጀመር። በየቢሮው የምናውቀው ጥቁሩ የድሮ ስልክ እንጨትና ፕላስቲክ በአንድ ላይ የኖሩበት ዕቃ ነው። የመኪና አምራቹ ሄንሪ ፎርድም በ1941 በሚሺጋን ዲርቦርን 14 የፕላስቲክ አካል ክፍሎች ያሉት መኪና ለሕዝብ አሳይቶ ነበር፤ አሜሪካ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ገባችና ነገሩ በዚያው ቀረ።

ዛሬ ለግድግዳ፣ ለበረንዳና ለወለል የሚሸጠው የእንጨትና የፕላስቲክ ቅልቅል ፓኔል የመጣው በሌላ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ሺቦይገን ከተማ አንድ ፋብሪካ፣ ከጣሊያን በመጣ ቴክኖሎጂ፣ ግማሽ ያህሉ የእንጨት ዱቄት የሆነ፣ ፖሊፕሮፒሊን የተባለ ፕላስቲክ ለመኪና የውስጥ ልባስ ማምረት ጀመረ። በ1990ዎቹ ተራው የበረንዳ ወለል ሆነ። እንጨት ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ማረር ስለሚጀምር የተመረጡት በዝቅተኛ ሙቀት የሚቀልጡት ፕላስቲኮች ናቸው።

ድክመቱ ብዙም ሳይቆይ ታየ። ክብደት ለረጅም ጊዜ ያረፈበት ፓኔል ቀስ እያለ ይጎብጣል፤ በብርቱ ሲመታም ይሰነጠቃል። ምክንያቱን ለመረዳት ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ሩቅ መሄድ የለበትም። ጭቃው ተረግጦ ሲቦካ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል። ጭድ የሌለበት ምርጊት ሲደርቅ ይተረተራል፤ ያለበት ግን ስንጥቁ ገና ሲጀምር ጭዱ ከወዲህና ከወዲያ ጨምድዶ ይይዘዋል። የእንጨት ዱቄት ይህን ማድረግ አይችልም። ቅንጣቱ ርዝመቱ ከውፍረቱ ብዙም ስለማይበልጥ ስንጥቁ ዞሮት ያልፋል። ዱቄት ቦታ ይሞላል፤ ሸክም የሚሸከመው ረጅም ክር ነው። ስለዚህ አምራቾችና ተመራማሪዎች የመስታወት፣ የተልባና የሲሳል ክር ወደ ማቅለጫው ማስገባት ጀመሩ። ፓኔል ሲጎብጥ ከሁሉ በላይ የሚጨነቀው ውጫዊ ገጹ ስለሆነ፣ ክሩ ከመሀል ይልቅ ላይና ታች ባሉት ንጣፎች ቢቀመጥ የበለጠ ይጠቅማል።

ክር ማስገባቱ ብቻውን ግን አይበቃም። እንጨትና የተክል ክር ውሃ ይወዳሉ፣ ፕላስቲክ ግን ውሃን ይሸሻል። ሁለቱ ካልተያያዙ ክሩ ከውስጡ ተመዞ ይወጣል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ማሌይክ አንሃይድራይድ በተባለ ኬሚካል የተለወጠ ፕላስቲክ ነው፤ በአንድ ጎኑ እንጨቱን፣ በሌላው ፕላስቲኩን ይጨብጣል። በእኔ ግምት የዚህ ሁሉ ጥበብ እምብርት እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ረጅም ክር እኛም ጋ አለ። በደቡቡ የአገራችን ክፍል እንሰት ለቆጮ ሲፋቅ የሚቀረው ቃጫ ለገመድና ለከረጢት ሲያገለግል ኖሯል። ረጅም ነው፣ ጠንካራ ነው፣ በየዓመቱ ይገኛል። የአገራችን ተመራማሪዎችም ከፕላስቲክ ጋር አዋሕደው ሞክረውታል። ፓኔል የምታመርቱና ለማምረት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ክሩን ከውጭ ለማዘዝ ከመነሳታችሁ በፊት ይህን ቃጫ በፕሬሳችሁ ሞክሩት።