ከዱቡሻ እስከ ምርጫ ጣቢያ፦ የአካባቢ ምርጫ በገረሴና በጋሞ ደጋ

ገረሴ ከአርባ ምንጭ በስተደቡብ ምዕራብ፣ በቦንኬ ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። የምርጫ ካርድና ኮሮጆ ወደዚህ አገር ከመድረሳቸው እጅግ አስቀድሞ የጋሞ ሕዝብ ኃላፊዎቹን በአደባባይ ተነጋግሮ ይሰይም ነበር። ጋሞ «ደሬ» በሚባሉ በርካታ ግዛቶች ተከፍሎ ይኖር ስለነበር ሁሉንም የሚገዛ አንድ ንጉሥ አልነበረውም። በየደሬው መሥዋዕት የሚያቀርብ፣ ሥልጣኑን በዘር የሚወርስ ካዎ ቢኖርም የዕለት ተዕለቱ ጉዳይ የሚወሰነው በዱቡሻ፣ ማለትም በጉባኤው ሜዳ ላይ ነው።

ዱቡሻ በምርቃት ይከፈታል። ከዚያ ተናጋሪው ተራውን ጠብቆ ይነሣል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ ጉዳዩ የሚቋጨው ድምፅ ተቆጥሮ ሳይሆን ሐሳብ እስኪገጥም ድረስ ተመክሮበት ነው። ሀላቃ የሚባለው ሹምም የሚወጣው ከዚሁ ጉባኤ ነው። በብዙ ደሬዎች ሹመቱን ለራሱ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ጉባኤው ባለትዳርና አቅም ያለው ሰው ይመርጣል፣ የተሰየመውም ጭንቅላቱን ቅቤ ተቀብቶ ለአካባቢው ትልቅ ግብዣ ይደግሳል። የዛሬ እጩ ገንዘቡን የሚያወጣው ከመመረጡ በፊት ነው። የሀላቃው ወጪ ግን ከተሰየመ በኋላ ስለሚመጣ ሀብቱ ተመልሶ ለጎረቤቶቹ ይደርሳል። የፈረንሳዩ የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ማርክ አቤሌስ በጋሞዋ ኦቾሎ ያየውን ይህን ሥርዓት በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር አቅርቦታል። ሥርዓቱ ግን ሁሉንም እኩል አላሳተፈም፤ ሴቶች፣ እንዲሁም ማና እና ደጋላ የተባሉት የእጅ ባለሙያዎች ከዱቡሻው ንግግር ተገልለው ኖረዋል። ይህ ጉድለት ቀላል አይደለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢው በምኒልክ መንግሥት ሥር ሲገባ ከላይ የተሾመው ባለሥልጣንና ባላባት በዱቡሻው ላይ ተደረቡበት። የከተማ ምክር ቤት በሕግ የመጣው በ1937 የማዘጋጃ ቤት አዋጅ ነው። በአዋጁ መሠረት ከሕዝብ የሚመረጡት የምክር ቤት አባላት በከተማው የማይንቀሳቀስ ንብረት ያላቸው ነዋሪዎች ስለሆኑ፣ ቤት የሌለው የከተማ ሰው ከምክር ቤቱ ውጭ ቀረ። ከ1967 ለውጥ በኋላ ደርግ የገጠርና የከተማ መሬትን ሲወርስ የገበሬ ማኅበርንና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን አቋቋመ። ጭሰኛውና ተከራዩ በዚህ ጊዜ ስብሰባ ገብተው መሪ መምረጥ ቢችሉም ማኅበራቱ ብዙም ሳይቆዩ የመንግሥት ትእዛዝ ማስፈጸሚያ ሆኑ።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በታችኛው የአስተዳደር እርከን በቀጥታ እንዲሳተፍ ለእርከኑ በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ቃሉ ለዱቡሻ አሠራር ቅርብ ነበር። አፈጻጸሙ ግን ሌላ ሆነ። ከ2000ው የአካባቢ ምርጫ በፊት የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ከፍ እንዲል በመደረጉ በመላ አገሪቱ የሚሞላው መቀመጫ በሚሊዮኖች ተቆጠረ። ያን ያህል እጩ ማቅረብ የሚችለው ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግ ብቻ ነበር። በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች ከምርጫው ራሳቸውን አገለሉ፣ ኢሕአዴግም መቀመጫዎቹን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ወሰደ። መራጩ ካርዱን ሲጥል ውጤቱን አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ በዱቡሻ ግን ያለ ክርክር የሚሾም አልነበረም። ነዋሪው ለአካባቢ ምርጫ እንዲወጣ ከተፈለገ እጩዎቹን ፊት ለፊት መጠየቅና መከራከር መቻል አለበት።

ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2010 ሊካሄድ ሲገባው ተራዘመ። በ2013 አገር አቀፍ ምርጫ የከተማ ምክር ቤታቸውን የመረጡት የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነዋሪዎች ሲሆኑ፣ እንደ ገረሴ ያሉ ከተሞችና ቀበሌዎች ምክር ቤቶቻቸውን የመምረጥ ዕድል አላገኙም። ጋሞ ዞን ጥር 29 ቀን 2015 ድምፅ የሰጠውም በአካባቢ ምክር ቤት ሳይሆን በክልል ጥያቄ ላይ ነበር፤ በዚያ ሕዝበ ውሳኔ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ።