የኮንግዋ ኦቾሎኒና የፈሰሰው ገንዘብ

አንድ መንግሥት ታላቅ ሥራ ይጀምርና ሥራው የተነሣበት ምክንያት መሀል መንገድ ላይ ቢጠፋ ምን ማድረግ ይገባዋል? ለዚህ ጥያቄ ከምሥራቅ አፍሪካ ታሪክ አንድ ምስክር እንጥራ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ እንግሊዝ የምግብ ዘይትና ቅባት ክፉኛ አጥሯት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 በጆን ዌክፊልድ የሚመራ ቡድን ታንጋኒካንና አካባቢዋን በ9 ሳምንት ብቻ አጥንቶ፣ ከ3 ሚሊዮን ኤክር በላይ መሬት ተመንጥሮ ኦቾሎኒ ይዘራበት አለ። ወጪው 25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ተገመተ።

በ1947 ኮንግዋ በተባለ ሥፍራ ምንጠራው ተጀመረ። አዲስ ትራክተር ስለጠፋ ከጦርነት የተራረፈ አሮጌ ማሽን ተሰበሰበ፤ ጫካው ማሽኑን ሰባበረው። ዝናብ ሲጠፋ የሸክላው አፈር እንደ ጡብ እየደረቀ ኦቾሎኒውን ከመሬት ማውጣት አስቸገረ። ኮንግዋ ድርቅ የሚመላለስበት አገር ነው፤ ይህንንም እዚያው ከብት የሚያረቡት የጎጎ ሰዎች ያውቁት ነበር። ከለንደን የመጣው ዕቅድ ግን የእነርሱን ዕውቀት መነሻው አላደረገም።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ ዕቅዱ የቆመበት ስሌት ፈረሰ። አንዱን ኤክር ለመመንጠር የወጣው ገንዘብ ከተገመተው እጅግ በለጠ፤ ምርቱም ከተባለው እጅግ አነሰ። ሆኖም የምግብ ሚኒስትሩ ጆን ስትሬቺ በፓርላማ እየተሟገቱ ሥራውን አስቀጠሉ፤ ዕቅዱም በየጊዜው እየተቀነሰ ተጎተተ። በመጨረሻ በጥር 1951 መንግሥት ሥራው እንደማያዋጣ አምኖ 36 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ኪሳራ መዘገበ። የቀረው እርሻ በአነስተኛ ሙከራ ደረጃ እንዲቀጥል ተደረገ።

የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። «ይህን ያህል አውጥተናል» ማለት ነገ የሚወጣው ገንዘብ ያዋጣል ማለት አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሥራውን ዛሬ ገና ብንጀምረው ኖሮ እንጀምረው ነበርን? መልሱ «አይደለም» ከሆነ ቆም ብሎ መመርመር፣ የሚተርፈውን ማትረፍ፣ የቀረውን በግልጽ መዝጋት ይገባል። እንግሊዝ ይህን ለማድረግ ዘገየች፤ ቢሆንም ጋዜጣው ይጽፍ፣ ተቃዋሚው በፓርላማ ይጠይቅ ስለነበር ሚኒስትሩ ዝም ብለው ማለፍ አልቻሉም።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ዓመት የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ኢትዮጵያን በአዳዲስ ፋብሪካዎች ስኳር ላኪ ለማድረግ ቃል ገብቶ ነበር። በታችኛው ኦሞ የአርብቶ አደሩ መሬት ለሸንኮራ አገዳ ተመነጠረ። የአምስት ዓመቱ ጊዜ ሲያልቅ ግን አገሪቱ ገና ስኳር ከውጭ ትገዛ ነበር። በጊዜው «ይህ ስሌት ዛሬም ይሠራልን?» ብሎ በአደባባይ የጠየቀ ሰው የልማት ጠላት ይባል ነበር። ጠያቂ የሌለው ሥራ ሲከስር ዕዳውን የሚከፍለው ያቀደው ባለሥልጣን ሳይሆን፣ መሬቱን የተነጠቀውና ስኳር ፍለጋ የተሰለፈው ሕዝብ ነው።

ቸር ይግጠመን።