የአንጾኪያው መምህርና ደቀ መዝሙሩ

በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር፥ ክርስትና ሳይገባ በፊት የነበሩትን የጣዖት በዓላት እናድሳለን የሚሉ ሰዎች አሉ። ሌሊቱ ወይም ቀኑ እጅግ በሚረዝምባቸው ሁለት ቀኖች፥ ሌሊትና መዓልት በሚተካከሉባቸው ሁለት ቀኖች፥ በእነዚያም መካከል በሚውሉ በሌሎች አራት ቀኖች ያከብራሉ። ብዙዎቹ የሚያከብሩት ለየብቻቸው ነው፤ በ1988 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ) ስኮት ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ያለ ማኅበር ለሚያከብር ሰው መምሪያ የሚሆን መጽሐፍ አሳትሞአል። አክባሪው በቤቱ ገበታ ላይ መብራት ያበራል፥ ወደ ልቡም ይመለከታል። ይህም የአባቶቻችን በዓል ነው ይላሉ።

የብሪታንያ የጥንት ሰዎች በዓላቸውን በጽሕፈት አልተዉልንም። ስለ ሮማውያን በዓል ግን ያከበረው ሰው ራሱ ምስክር ሆኖ ይገኛል። እርሱም በ314 ዓ.ም. በአንጾኪያ የተወለደው ሊባንዮስ ነው፤ በግሪክ ቋንቋ የንግግር መምህርነት ስሙ የገነነ፥ እስኪሞት ድረስም አማልክቱን ያልተወ ሰው ነበረ። ካላንዳ ስለሚባለው የዘመን መለወጫ በዓል ጽፎአል። ቀኑ ጃንዋሪ 1 ነው፤ በዚያ ዘመን በእኛ አቈጣጠር ጥር 6 ቀን ገደማ፥ ዛሬ በዓለ ግዝረትን በምናከብርበት ጊዜ ይውል ነበር።

በዚያ ጽሑፍ መንገዱ ሁሉ ስጦታ በተሸከሙ ሰዎችና እንስሳት ይሞላል፤ ሌሊቱን የሚተኛ የለም፤ በማግሥቱ ጌታና ባሪያ አብረው ተቀምጠው ቁማር ይጫወታሉ፤ በሦስተኛው ቀን የፈረስ እሽቅድምድም ይሆናል። ንፉግም እጁን ይፈታል። ልጆችም ከመምህራቸው ፍርሃት ያርፋሉ ይላል፤ ይህን የጻፈው ራሱ መምህር ነውና ከየኔታ አለንጋ ሥር ያደግን ሁሉ ስናነበው ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

ከዚሁ መምህር ተምሮአል የሚባለው ደግሞ አባታችን ዮሐንስ አፈወርቅ ነው፤ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል። በ386 ዓ.ም. በአንጾኪያ ቅስና ተቀበለ፤ በዚያው ከተማም ይህንኑ በዓል ተቃውሞ ሰበከ። ስካሩን ዘለፈ፤ የዓመቱን መጀመሪያ በደስታ ያሳለፈ ዓመቱን ሁሉ ይደሰታል የሚለውንም ሟርት ነቀፈ። ነገር ግን ነቅፎ ብቻ አልተወም። ሰው በደጁ የሚያበራውን መብራት በልቡናው እንዲያበራው መከረ፤ ንጹሕ ኅሊና ላለውም ዓመቱ ሁሉ በዓል እንደ ሆነ አስተማረ።

የመንግሥቱ ሕግ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በ389 ዓ.ም. ጃንዋሪ 1ን ከፍርድ ቤት የዕረፍት ቀኖች መካከል አቈየው፤ በ392 ዓ.ም. ደግሞ በቤት ውስጥ እንኳ ለአማልክት እሳት ማንደድን፥ ወይን ማፍሰስን፥ ዕጣን ማጠንን ከለከለ፤ ዕጣን የጤሰበትም ቤት እንዲወረስ አዘዘ። የሰውን ሁሉ ምድጃ ለመጠበቅ ስንት ሰላይ ይበቃል? ከ300 ዓመት በኋላ፥ በ692 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ የተሰበሰቡ ኤጲስ ቆጶሳት ካላንዳን እንደ ገና አወገዙ። ጉባኤው የእኛ ባይሆንም ምስክርነቱ ይጠቅመናል፤ የሚያከብር ካህን ይሻር ማለታቸው ካህናትም ሳይቀሩ ያከብሩ እንደ ነበረ ያስጠረጥራልና።

እንግዲህ ዛሬ ለብቻው መብራት አብርቶ ወደ ውስጡ የሚመለከተው ሰው የማን ደቀ መዝሙር ነው? አማልክቱን ከሊባንዮስ ወገን ወሰደ፤ በዓልን ከአደባባይ አንሥቶ በልብ ማክበርን ግን ያስተማረው ሰባኪው ነው። ሊባንዮስ ዛሬ በደጁ ቢያልፍና ያችን አንዲት መብራት ቢያይ፥ ጎረቤቶችህ ወዴት አሉ፥ ስጦታ የተጫነው አህያስ የታለ፥ አሽከርህንስ ስለ ምን አብረኸው አልተቀመጥህም ብሎ በጠየቀው ነበር።